ዦርዥ ኩቪዬ፦ ከአንዲት ጥርስ ተነሥቶ ሙሉ እንስሳ ያቆመው ሊቅ

ዘመኑ 1804 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከፓሪስ ዳር ጀሶ ከሚወጣበት የድንጋይ ካባ የተፈለጠ አንድ ድንጋይ ወደ ከተማይቱ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መጣ። ድንጋዩ ለሁለት ተሰንጥቆ በውስጡ የአንድ ትንሽ እንስሳ አጽም ይታይ ነበር። የሙዚየሙ ሊቅ ጥርሶቹንና የታችኛውን መንጋጋ ከመረመረ በኋላ እንስሳው በአሜሪካ አህጉር ከሚኖረውና ግልገሎቹን በሆዱ ላይ ባለ ከረጢት ከሚያሳድገው ከኦፖሰም ወገን መሆኑን ደመደመ።

የዚህ ወገን እንስሳት ከዳሌያቸው ፊት ለፊት ብዙዎቹ አጥቢዎች የሌሏቸው ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሏቸው። በድንጋዩ ላይ ግን ያ ክፍል ገና እንደ ተሸፈነ ነበር። ሊቁ ምስክር የሚሆኑ ሰዎችን ጠርቶ የሚያገኘውን አስቀድሞ ነገራቸው። ከዚያም በቀጭን የብረት መርፌ ድንጋዩን ቀስ እያለ ይፍቅ ጀመር። ሁለቱ አጥንቶች ይገኛሉ በተባሉበት ቦታ ተገኙ።

ይህ ሰው ዦርዥ ኩቪዬ ነው። የእንስሳትን አጥንት እያነጻጸሩ የማጥናትን ሙያ በጽኑ መሠረት ላይ ያቆመ፣ በምድር ላይ ይመላለሱ የነበሩ ፍጥረታት ጨርሰው ሊጠፉ እንደሚችሉ ለዓለም ያስረዳ ሊቅ ነበር። ሆኖም አጥንትን እንዲያ አጥርቶ ያነበበው ዓይን በሰው ልጆች አጥንት ፊት ሲደርስ ከባድ ስሕተት ፈጽሟል። ታሪኩ ሙሉ የሚሆነው ሁለቱም አብረው ሲነገሩ ነው።

የሞንቤልያር ልጅ

ኩቪዬ ነሐሴ 23 ቀን 1769 በሞንቤልያር ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ዛሬ የፈረንሳይ ብትሆንም በዚያን ዘመን የምትተዳደረው በጀርመናዊው የቩርተምበርግ መስፍን ሥር ሲሆን ነዋሪዎቿም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሉተራን እምነት ተከታዮች ነበሩ። አባቱ በፈረንሳይ ንጉሥ አገልግሎት ውስጥ በነበረ የስዊስ ክፍለ ጦር መኮንን ሆኖ ካገለገለ በኋላ በአነስተኛ ጡረታ ይኖር ነበር። ልጁ ሲጠመቅ የወጣለት ስም ሌላ ነው፤ ዦርዥ የተባለው በሞተው ታላቅ ወንድሙ ስም ነው።

ልጁ በጤናው ደካማ ስለ ነበር እናቱ በቅርብ ተከታትላ አሳደገችው። ላቲን ሳታውቅ የላቲን ትምህርቱን ታስጠናው እንደ ነበር ይነገራል። በዘመድ ቤት ያገኛቸውን የታዋቂውን የተፈጥሮ ሊቅ የቡፎንን መጻሕፍት ደጋግሞ አነበበ፤ በውስጣቸው ያሉትን የእንስሳት ሥዕሎች እየገለበጠ ቀለም ይቀባቸው ነበር። አጥንትን በወረቀት ላይ አሳምሮ የመሣል ችሎታው ከዚያ ጊዜ የጀመረ ነው።

ቤተሰቡ ልጁን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አስቦት ነበር። ያ ሳይሳካ ሲቀር መስፍኑ በ1784 ሽቱትጋርት በሚገኘው ከፍተኛ ትምህርት ቤቱ ያለ ክፍያ እንዲማር አደረገው። ጀርመንኛ ሳያውቅ የገባው ልጅ ቋንቋውን በአጭር ጊዜ ተማረ። ዋና ትምህርቱ የመንግሥት አስተዳደር ቢሆንም ትርፍ ጊዜውን ዕፅዋትንና ነፍሳትን በመሰብሰብ ያሳልፍ ነበር።

በ1788 ትምህርቱን ሲጨርስ የመንግሥት ሥራ አልተገኘለትም፤ ቤተሰቡም ሥራ እስኪያገኝ ሊያኖረው የሚችል ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ወደ ሰሜን ፈረንሳይ፣ ወደ ኖርማንዲ ሄዶ በአንድ ባላባት ቤት የልጅ አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። በተከታዩ ዓመት የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ፓሪስ በደም ስትታጠብ ወጣቱ አስተማሪ በባሕሩ ዳርቻ ዓሣዎችን፣ ቀንድ አውጣዎችንና ሌሎች የባሕር ፍጥረታትን እየሰበሰበ በቢላዋ ይከፍት፣ ያየውንም ይሥል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሊሰጠው ያልቻለውን ትምህርት እነዚያ ጸጥ ያሉ ዓመታት ሰጡት።

ወደ ፓሪስ

በ1795 ወደ ፓሪስ ሲመጣ የተቀበለው በሦስት ዓመት የሚያንሰው፣ ነገር ግን በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቀድሞ ፕሮፌሰር የሆነው ኤትየን ዦፍርዋ ሴንት ኢሌር ነበር። ሁለቱ ወጣቶች አብረው ኖሩ፤ አብረውም ጻፉ። ኩቪዬ በሙዚየሙ የአናቶሚ መምህር ረዳት ሆኖ ሥራ እንደ ጀመረ በጓዳ ውስጥ ተጥለው የቆዩ አሮጌ አጽሞችን እያወጣ ያጸዳ፣ ይገጣጥምና በየወገናቸው ያሰልፋቸው ጀመር።

የመጀመሪያው ታላቅ ሥራው በ1796 ቀረበ። በሳይቤርያ መሬት ውስጥ የሚገኙት ግዙፍ አጥንቶች የዝሆን መሆናቸው ይታወቅ ነበር፤ ሕይወት ያለው ዝሆን በማይኖርበት ብርዳማ አገር እንዴት እንደ ተገኙ ግን ያከራክር ነበር። ኩቪዬ የራስ ቅሎችንና መንጋጋዎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ለዚህ ከተጠቀመባቸው አጥንቶች መካከል የፈረንሳይ ጦር ሆላንድን ሲይዝ ማርኮ ካመጣው ስብስብ የተገኙ ነበሩ። ንጽጽሩ ሁለት ነገሮችን ገለጠ። አንደኛ፣ የአፍሪካና የህንድ ዝሆኖች የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው፤ በመንጋጋ ጥርሳቸው ገጽ ላይ ያለው መሥመር እንኳ አይመሳሰልም። ሁለተኛ፣ የሳይቤርያው ማሞዝ ከሁለቱም የተለየና በዛሬዋ ምድር የማይገኝ ነው።

የዚህን አባባል ክብደት ለማወቅ የዘመኑን አሳብ ማስታወስ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የተፈጠረ የፍጥረት ወገን ፈጽሞ አይጠፋም የሚለው እምነት በሊቃውንቱም ዘንድ ጽኑ ነበር። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን እንኳ ማሞዝን የመሰሉ ግዙፍ እንስሳት በአህጉሩ ያልተመረመረ ምዕራብ ሊገኙ ይችላሉ ብሎ ያስብ ነበር። ኩቪዬ ግን እንዲህ ያለ ግዙፍ እንስሳ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ሊኖር እንደማይችል አስረዳ። በዚያው ዓመት ከደቡብ አሜሪካ የተገኘና መጠኑ ዝሆን የሚያህል የሌላ እንስሳ አጽም የዘመኑ ስሎዝ የሚባለው ቀርፋፋ የዛፍ እንስሳ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ገለጠ። ዛሬ ስለ ዝርያዎች መጥፋት ስንነጋገር የምንጠቀምበት አሳብ የጸናው በእነዚህ ሥራዎች ነው።

ተኩላ ስለ ራሱ የሚመሰክረው

የኩቪዬ ዘዴ በአንድ አሳብ ላይ የቆመ ነው። የአንድ እንስሳ አካል እርስ በርሱ የተስማማ ቤት ነው፤ አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር ካልገጠመ እንስሳው ሊኖር አይችልም። ስለዚህ አንዱን ክፍል በሚገባ የሚያውቅ ሰው ስለ ሌላው መናገር ይችላል።

ተኩላን እንውሰድ። ያደገ ተኩላ 42 ጥርሶች አሉት። አራቱ ረጃጅም ክራንቻዎች የያዙትን አይለቁም። ወደ ኋላ ደግሞ በላይና በታች እንደ መቀስ የሚተላለፉ ትልልቅ ጥርሶች አሉ፤ ሥራቸው ሥጋ መቁረጥ ነው። መቀስ እንዳይላላ ማጠፊያው ጥብቅ መሆን አለበትና የተኩላ መንጋጋ እንደ በር ማጠፊያ ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን እምብዛም አይንቀሳቀስም። መንጋጋውን የሚዘጋው ጡንቻ ኃይለኛ ስለ ሆነ በራስ ቅሉ አናት ላይ የሚጣበቅበት ሸንተረር አለ፤ የጉንጩም አጥንት ጡንቻውን ለማሳለፍ ወደ ውጭ ሰፍቶ ይታያል።

ይህ አፍ የሚበላውን ሊያገኝ የሚችለው እግሩ ካደረሰው ነው። ተኩላ የሚራመደው በጣቶቹ ነው፤ ብዙ ሰው ወደ ኋላ የታጠፈ ጉልበት የሚመስለው የኋላ እግሩ ክፍል በእውነቱ ከመሬት ከፍ ያለ ተረከዙ ነው። ሰው ክንዱን ከደረቱ ጋር የሚያገናኝበት የአንገት ሥር አጥንት በተኩላ ዘንድ የለም ሊባል የሚችል ነው። የትከሻው አጥንት በጡንቻ ብቻ ስለ ተያዘ ሲሮጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በነጻነት ይንሸራተታል፤ እርምጃውም ይረዝማል።

ላምን ስንመለከት ሁሉም ነገር ይለወጣል። ሣር መፈጨት ስላለበት መንጋጋዋ ወደ ጎን ይሄዳል፤ የኋላ ጥርሶቿ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሰፊ ናቸው፤ በላይኛው አፏ የፊት ጥርስ የለም፤ እግሯም የሚያበቃው በሰኮና ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ከመሬት ውስጥ የመቀስ መሰል ጥርስ ቢያገኝ የዚያ እንስሳ እግር የላም ሰኮና እንዳልነበረው ጥርሱ ብቻ ይነግረዋል።

ይሁን እንጂ ከልዩነቱ በታች አስገራሚ አንድነት አለ። የተኩላ አንገት ሰባት አጥንቶች አሉት። የላምም፣ የአይጥም፣ የሰውም እንዲሁ ሰባት ነው። ረጅም አንገት ያላት ቀጭኔና አንገት የሌለው የሚመስለው ዓሣ ነባሪም ከሰባት አይተርፉም፣ አይጎድሉም። ከአጥቢ እንስሳት መካከል ከዚህ ደንብ የሚወጡት እንደ ስሎዝ ያሉ ጥቂቶች ናቸው። የተኩላ የፊት እግር፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ፣ የዓሣ ነባሪ መቅዘፊያና የሰው እጅ የተሠሩት በተመሳሳይ የአጥንት ቅደም ተከተል ነው።

በአገራችን ቋንቋ አጥንት መቁጠር ማለት የትውልድ ሐረግን መፈለግ ነው። ኩቪዬ የእንስሳትን አጥንት ከማንም አብልጦ ቆጠረ፤ ነገር ግን ከቆጠራው የዝምድና ሐረግ ለመሳብ አልፈቀደም። አጥንቶቹ የሚመሳሰሉት ተመሳሳይ ሥራ ስላላቸው ነው ብሎ ያምን ነበር።

አባ ዮሐንስ የተባለው ወፍ

በ1798 ናፖሊዮን ወደ ግብፅ ሲዘምት ከጦሩ ጋር ሊቃውንትም ሄዱ። ኩቪዬ እንዲሄድ ተጠይቆ አልተቀበለም፤ አጥንቶቹ ያሉት ፓሪስ ነበርና። ወዳጁ ዦፍርዋ ግን ሄደ፤ ሲመለስም የጥንት ግብፃውያን አድርቀውና በጨርቅ ጠቅልለው ያኖሯቸውን የእንስሳት አስከሬኖች ይዞ መጣ።

ከዚያ በፊት በ1800 ኩቪዬ ግብፃውያን ያመልኩት ስለ ነበረው አይቢስ ስለተባለው ወፍ አንድ ጥናት ጽፎ ነበር። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት ወፉን ከሌላ ትልቅ ወፍ ጋር ያምታቱት ነበር። ኩቪዬ ከግብፅ የመጣ የደረቀ ወፍ ጨርቁን ፈትቶ አጥንቱን ለካ። ልኬቱ የተስማማው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደ ኢትዮጵያ ባደረገው ጉዞ አይቶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ከገለጸው ወፍ ጋር ነበር። ብሩስ ለወፉ የመዘገበለት ስም አቡ ሐንስ ሲሆን ትርጉሙን ከዮሐንስ ስም ጋር አያይዞታል። በአባይ መነሻ አገር የታየው ወፍ በአባይ መድረሻ መቃብር ውስጥ የተገኘው ወፍ ምን እንደ ሆነ አስታወቀ።

ኩቪዬ ከዚህ ሰፊ መደምደሚያ አወጣ። ከሺህ ዓመታት በፊት የኖረ ወፍ አጥንቱ ከዛሬው ካልተለየ ዝርያዎች አይለወጡም ማለት ነው አለ። ማስረጃውን በሌሎች እንስሳትም አጸና። የሰሜንን፣ የግብፅንና የፈረንሳይን ቀበሮዎች የራስ ቅል አነጻጽሮ በአንድ አገር ቀበሮዎች መካከል ከሚታየው የበለጠ ልዩነት አላገኘም። ውሻ በሰው እጅ በቁመትና በጠጉር እጅግ ቢለያይም የአጥንቶቹ ግንኙነትና የጥርሶቹ ቅርጽ እንዳልተለወጡ አስተዋለ።

በዚያው ሙዚየም ይሠራ የነበረው ዣን ባቲስት ላማርክ ግን የግብፅ አየር ጠባይ ባልተለወጠበት ሁኔታ ወፉ ያልተለወጠ መሆኑ ሊያስደንቅ እንደማይገባ፣ ሦስት ሺህ ዓመትም ከምድር ዕድሜ ጋር ሲተያይ እጅግ አጭር እንደ ሆነ ተከራከረ። በዚህ ጉዳይ ጊዜ የፈረደው ለላማርክ ነው። ኩቪዬ የለካው አጥንት ትክክል ነበር፤ የሳተው የዘመኑን ርዝመት ነው።

ክብርና ነውር

የኩቪዬ ሹመት ከመንግሥት መንግሥት አልተቋረጠም። በ1803 የሳይንስ አካዳሚው ቋሚ ጸሐፊ ሆነ። በናፖሊዮን ዘመን የትምህርት ተቆጣጣሪ፣ ነገሥታቱ ሲመለሱም የመንግሥት አማካሪ ነበር፤ የባሮንነት ማዕረግም ተሰጠው። በ1812 ስለ ቅሪተ አካላት በአራት ቅጽ ያሳተመው ሥራና በ1817 የእንስሳትን ዓለም በአራት ታላላቅ ክፍሎች የመደበበት መጽሐፉ በመላው አውሮፓ ተነበቡ።

በዚሁ ዘመን ሣራ ባርትማን የተባለች የደቡብ አፍሪካ የኮይኮይ ተወላጅ በፓሪስ በገንዘብ ለሕዝብ ትታይ ነበር። በ1810 ወደ ለንደን ተወስዳ፣ በ1814 ወደ ፓሪስ የመጣች ሴት ናት። በ1815 የጸደይ ወራት የሙዚየሙ ሊቃውንት መረመሯት፤ ኩቪዬም ከእነርሱ አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስታርፍ አስከሬኗ ለሙዚየሙ ተሰጠ። ኩቪዬ የአካሏ ቅርጽ በጀሶ እንዲወጣ አደረገ፤ አስከሬኗንም ከፍቶ አጽሟን ለይቶ፣ አንጎሏንና የአካሏን ክፍሎች በብልቃጥ አኖረ። በጻፈው ዘገባ ሰውነቷን ከዝንጀሮ ወገኖች ጋር አነጻጸረ፤ ቋንቋዎችን የምትናገርና የማስታወስ ችሎታ ያላት ሰው መሆኗን ግን ራሱ መዝግቧል። ያየው ሰውን ነው፤ የጻፈው ግን አስቀድሞ ያሰበውን ነው።

ስሕተቱ በአንድ ዘገባ አልቆመም። በ1817 መጽሐፉ የሰውን ልጅ በሦስት ዘር ከፍሎ ነጩን ከላይ አስቀመጠ፤ ጥቁሩን ዘር ኢትዮጵያዊ የሚል መጠሪያ ሰጥቶ በራስ ቅሉ ቅርጽ አሳብቦ ዝቅ አደረገው። ለተኩላና ለላም አጥንት የጠየቀውን ማስረጃ ለሰው አልጠየቀም። ስሙ የከበረ በመሆኑም ቃሉ ባርነትንና ቅኝ አገዛዝን ለሚደግፉ ሰዎች መጠጊያ ሆነ።

የሣራ ባርትማን አጽም እስከ 1970ዎቹ ድረስ በፓሪስ ለጎብኚዎች ይታይ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ነጻ ስትወጣ ኔልሰን ማንዴላ እንዲመለስ ጠየቁ፤ የፈረንሳይ ምክር ቤት ሕግ ካወጣ በኋላ በ2002 ወደ አገሯ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 9 ቀን፣ አስከሬኗ ከተከፈተ ከ186 ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በተወለደችበት ምድር ተቀበረች።

የመጨረሻ ዓመታት

ኩቪዬ በ1804 ያገባት ሴት በአብዮቱ ዘመን ባሏ በሞት የተቀጣ የአራት ልጆች እናት ነበረች። ከእርሷ የወለዳቸው አራት ልጆች ሁሉ እርሱ በሕይወት እያለ ሞቱ። የመጨረሻዋ ሴት ልጁ ክሌማንቲን በ1827 ሠርጓ ተቃርቦ ሳለ በ22 ዓመቷ አረፈች። አባት ሐዘኑን በሥራ ውስጥ ሸሸገ።

በ1830 በአካዳሚው ፊት ከቀድሞ ወዳጁ ከዦፍርዋ ጋር ታላቅ ክርክር ገጠመ። ዦፍርዋ እንስሳት ሁሉ በአንድ የአካል ዕቅድ የተሠሩ ናቸው ይል ነበር። ኩቪዬ ደግሞ ቅርጹን የሚወስነው የእንስሳው አኗኗር እንደ ሆነ፣ አራቱም የእንስሳት ክፍሎች እርስ በርስ እንደማይገናኙ ተሟገተ። በማስረጃ ጥራት የዘመኑ ሰዎች ድሉን ለኩቪዬ ሰጡ። ዛሬ ሲታይ ግን ሁለቱም የእውነቱን ገጽታ ይዘው ነበር።

ኩቪዬ ኮሌራ ፓሪስን ባስጨነቀበት በ1832 ሰውነቱ በድንገት ሽባ ሆኖ ግንቦት 13 ቀን በ62 ዓመቱ አረፈ፤ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብርም ተቀበረ። ሐኪሞች አስከሬኑን ከፍተው አንጎሉን መዘኑ፤ ከ1,800 ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። የሌሎችን የራስ ቅል ሲለካ የኖረው ሰው በመጨረሻ ራሱ ተለካ።

ቀይ ቀበሮና የአጥንት ምስክርነት

ከሞቱ 27 ዓመታት በኋላ ቻርልስ ዳርዊን መጽሐፉን ሲያሳትም ኩቪዬና ተከታዮቹ የሰበሰቧቸው አጥንቶች ኩቪዬ ለካደው አሳብ ምስክር ሆኑ። የሰባቱ የአንገት አጥንቶች ምሥጢር የጋራ የዘር ግንድ ነበር።

የኩቪዬ ዘዴ ኃይልና ወሰን በአንድ የኢትዮጵያ እንስሳ ዘንድ አብሮ ይታያል። ከፍራንክፈርት የመጣው ኤድዋርድ ሩፕል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ጎብኝቶ በ1840 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይህ እንስሳ የሳይንስ ስሙን ያገኘው ከሰሜን ተራሮች ነው። እኛ ቀይ ቀበሮ እንለዋለን። አፉ ቀጭንና ረጅም፣ ጥርሶቹም ትናንሽና የተራራቁ ናቸው። ኩቪዬ ይህን የራስ ቅል ቢያገኝ ባለቤቱ ትልቅ እንስሳ የሚጥል አዳኝ እንዳልሆነ ወዲያው ባወቀ ነበር፤ እውነትም ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በደጋው ሜዳ ላይ ፍልፈልና አይጥ እያደነ ነው።

የዘር ሐረጉን በተመለከተ ግን ቅርጹ ብቻውን ያሳስታል። በ1990ዎቹ የተደረገ የዘረ መል ጥናት እንስሳው ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለተኩላ የቀረበ መሆኑን አሳየ። አፉ የሚናገረው ስለ መብሉ ነው፤ ስለ ወገኑ ሌላ ምስክር መጠየቅ ያስፈልጋል። ዛሬ በኢትዮጵያ ደጋ የቀሩት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ናቸው። የእርሻ መስፋፋትና ከውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋቸዋል። ዝርያ ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል ኩቪዬ በማሞዝ አጥንት ያስረዳው እውነት በባሌና በሰሜን ተራሮች ላይ በሕይወት ባለ እንስሳ ደጅ ቆሟል።

ፓሪስ የሚኖር ወይም በዚያ የሚያልፍ አንባቢ በሙዚየሙ የአናቶሚ አዳራሽ ከዓሣ ነባሪ እስከ ሌሊት ወፍ ድረስ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው የተሰለፉ አጽሞችን ማየት ይችላል። በኩቪዬ እጅ የተጀመረው ስብስብ እስካሁን ያስተምራል። አጽሞቹ ከቶ አልዋሹም፤ የተሳሳተው፣ ባነበበው ጊዜ ሁሉ ራሱን ከመጠየቅ የቦዘነው አንባቢ ነው።